የአባ ሳሙኤል መብራትና የአቃቂ ውኃ

ሰው ለጥቅሙ ብሎ የሚሠራው ታላቅ ሥራ ሁሉ ሁለት ቀን አለው፤ አንደኛው ሥራው ተፈጽሞ የሚመረቅበት ቀን ነው፤ ሁለተኛውም ከምረቃው በኋላ የሚመጣው ረዥሙ የጥበቃ ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ንግግር ይደረጋል፤ ሕዝብም ያጨበጭባል። በሁለተኛው ቀን ግን የሚያጨበጭብ የለም፤ ዘይት የሚቀባ፥ ደለል የሚጠርግ፥ መዝገብ የሚይዝ ትጉህ ሰው ብቻ ያስፈልጋል። የአንድ አገር ሥልጣኔ በእውነት የሚታወቀው በዚህ በሁለተኛው ቀን ነው። ለዚህም ነገር ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ የቆመው የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በቂ ምስክር ነው።

ከመሐል ከተማ ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው ነፋስ ስልክን ያገኛል። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን በአየር ከሚያስተላልፈው ቴሌግራፍ ነው፤ ሕዝቡ ያንን አዲስ ጥበብ ባየ ጊዜ በገዛ ቋንቋው የነፋስ ስልክ አለው፤ ስሙም በቦታው ላይ ጸንቶ ቀረ፤ ዛሬም ነፋስ ስልክ ላፍቶ ለሚባለው ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኖ ይኖራል። በዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ትንሹ አቃቂ የተባለው ወንዝ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል አልፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ይህም ውኃ ወርዶ የሚያርፈው በአባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ነው። እንግዲህ የነፋስ ስልክ ሰው በድልድይ ላይ ቆሞ ወንዙን ሲመለከት፥ ያ ውኃ ከየት እንደ መጣ፥ ወዴት እንደሚሄድ፥ ምንስ ተሸክሞ እንደሚሄድ ሊያስብበት ይገባዋል።

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። አስቀድሞ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥቱን የሚያበራ መኪና ተተከለ። ቀጥሎም በ1904 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ በውኃ የሚሠራ ማመንጫ ተሠርቶ፥ በአዲስ አበባ ለተቋቋሙት ትንንሽ ፋብሪካዎች ኃይል ሰጠ፤ ከዚያም መብራቱ በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ወዳሉት መንገዶችና የሕዝብ ቦታዎች ተዘረጋ። የአባ ሳሙኤል ግድብ የተሠራው ከዚያ በኋላ፥ ኢጣልያ አገሪቱን በወረረችበት ዘመን ነው። ጠላት ለራሱ አገዛዝ ብሎ የሠራው ይህ ግድብ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የአገሪቱ ሀብት ሆኖ ለዋና ከተማው መብራት ሲሰጥ ኖረ። በ1940 ዓ.ም. የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚባለው ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ሰፍቶ ለመላው አገር የሚያገለግል የኢትዮጵያ መብራት ኃይል ባለሥልጣን ሆነ። በዚያን ጊዜ በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች የበራው አምፖል ብርሃኑን ያገኘው ከአቃቂ ውኃ ነበር።

የአባ ሳሙኤል ኃይል በመጠኑ ትንሽ ነው፤ 6.6 ሜጋዋት ብቻ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ እንዲሰጥ የታቀደው ኃይል 5,150 ሜጋዋት ስለ ሆነ፥ የአባ ሳሙኤልን የሚያህሉ ከ700 በላይ ማመንጫዎች ተሰብስበው እንኳ አንዱን ኅዳሴ አይተካከሉም። ነገር ግን ታናሽነት ለንቀት ምክንያት ሊሆን አይገባም። አያት የሠራት ትንሽ ጎጆ የልጅ ልጅ በሠራው ፎቅ አጠገብ ብትታይ ታሳዝን ይሆናል፤ ቤተ ሰቡን ከብርድና ከዝናም ያወጣች ግን እርስዋ ናት። የውኃ መኪናን መቆጣጠር፥ የግድብን በር መክፈትና መዝጋት፥ ሽቦ መዘርጋት፥ የመብራት ሒሳብ መያዝ ሁሉ በአገሪቱ የተለመደው እንደነዚህ ባሉ ትንንሽ ሥራዎች ነው።

ይሁን እንጂ ዘመን በገፋ ቍጥር መኪናዎቹ አረጁ፤ ተገቢውንም ጥገና አላገኙም። በ1952 ዓ.ም. ኢጣልያ ለጦርነቱ ጕዳት በከፈለችው የካሣ ገንዘብ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሥራ ስለ ጀመረ፥ ቀጥሎም ሌሎች ታላላቅ ግድቦች ስለ ተከተሉ፥ የአባ ሳሙኤል ነገር እየተረሳ ሄደ። በመጨረሻም ማመንጫው ቆመ፤ ከአርባ ዓመትም በላይ ዝም ብሎ ኖረ። የመኪናው ቤት ጨለመ፤ ግድቡ ግን ውኃውን መያዙን አልተወም። ሰው ግድቡን ቢረሳውም ወንዙ አልረሳውም፤ በየክረምቱ ዐፈሩንና ጕድፉን እያመጣ ያስረክበው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ግን የቻይና መንግሥት በሰጠው እርዳታ፥ በቻይና የኃይል ሥራ ኩባንያ አማካይነት ማመንጫው ታድሶ እንደገና መብራት እንዲሰጥ ሆነ። የሞተን ሥራ ማንሣት አዲስ ሥራ ከመጀመር ያላነሰ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይመጣል። መኪናው ታደሰ፤ ውኃውስ ታድሷልን? ብረት ከሩቅ አገር በመርከብ ተጭኖ ይመጣል፤ የሚተክለውም ባለሙያ አብሮ ይመጣል። የጠራ ውኃ ግን ከማንም አገር በእርዳታ አይመጣም፤ የሚገኘው የወንዙ ባለቤት በሆነው ሕዝብ እጅ ብቻ ነው።

በዓለም ላይ ስለ ግድብ ክርክር በተነሣ ጊዜ፥ ግድብ መሬትን ያሰጥማል፤ የዓሣን መንገድ ይዘጋል፤ የቆመው ውኃ ትንኝ ያራባል፤ ወደ ታች ሊወርድ የሚገባውን ለም ዐፈር ያስቀራል እየተባለ ይነገራል። ይህ ነቀፋ ሐሰት አይደለም፤ አባ ሳሙኤልም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። በሌላው ወገን ግን ግድቡ ያቆመው ውኃና በዙሪያው ያለው ረግረግ ለወፎች መሸሸጊያ ሆኖላቸዋል፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም ያርፉበታል። ስለዚህም የወፍን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት የአቃቂንና የአባ ሳሙኤልን ረግረግ በዓለም ከታወቁት የወፍ መጠጊያዎች እንደ አንዱ አድርገው መዝግበውታል። እንግዲህ ግድቡ በአካባቢው ላይ ያመጣው ጕዳትም ጥቅምም አለ። ነገር ግን ጕዳዩን በቅን ሚዛን የመዘነ ሰው፥ ግድቡ በአካባቢው ላይ ካደረሰው ጕዳት ይልቅ ከተማው በግድቡ ላይ ያደረሰው ጕዳት እጅግ እንደሚበልጥ ያገኘዋል።

አቃቂ ሁለት ክንፍ ያለው ወንዝ ነው። ትልቁ አቃቂ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ ቀበናን የመሳሰሉትን የከተማውን ወንዞች እየተቀበለ ይወርዳል። ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ምዕራብ ይነሣል፤ የከተማውን ምዕራብና ደቡብ አቋርጦ በነፋስ ስልክ በኩል ያልፋል። ሁለቱም በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። የሚያስደንቀውም ነገር ይህ ነው፤ በትንሹ አቃቂ ራስ ላይ የገፈርሳ ግድብ አለ፤ በትልቁ አቃቂም ራስ ላይ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች አሉ፤ ከእነዚህም አዲስ አበባ የመጠጥ ውኃዋን ትቀዳለች። አንድ ወንዝ በራሱ ላይ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ሆኖ፥ የአንድ ቀን የእግር መንገድ እንኳ ሳይሄድ በእግሩ ላይ ከብት የሚጸየፈው ይሆናል። በራሱና በእግሩ መካከል ያለው ከተማው ብቻ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛውን ለማግኘት ረዥም ምርመራ አያስፈልግም።

በዚህ መካከል ወደ ወንዙ የሚገባው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ቆዳ ከሚያለፉ ፋብሪካዎች መድኃኒት የተቀላቀለበት ውኃ ይወርዳል፤ መጠጥ ከሚጠምቁ ቤቶች የእህል አተላ ይወርዳል፤ ከቀለምና ከሳሙና ሥራ ቤቶች የተበጠበጠ እጣቢ ይወርዳል፤ ከጋራዦች የተቃጠለ ዘይት ይወርዳል። በወንዙ ዳር ከተሠሩት ብዙ ቤቶችም የመጸዳጃው ቱቦ ወደ ወንዙ የተዘረጋ አለ። በዚህም ላይ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ተጨምሮ፥ ክረምት በገባ ጊዜ ጎርፉ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጠርጎ ወደ ግድቡ ያደርሰዋል። ከእንጦጦ፥ ከወጨጫና ከየረር ተራራ ግርጌ የሚታጠበው ዐፈርም አብሮት ይወርዳል።

የሚፈስ ውኃ ግድብ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል፤ የተሸከመውንም ሸክም ያወርዳል። ዐፈሩ በሥር ይረጋል፤ ይህም ደለል ይባላል። ደለሉ በጨመረ ቍጥር ውኃ የሚያርፍበት ስፍራ ይጠብባል፤ ስለዚህ ግድቡ የክረምቱን ውኃ ለበጋ ማቆየት አይችልም። መብራት የሚያስፈልገው ደግሞ በበጋም ጭምር ነው። ከውኃው ጋር የሚገባ አሸዋ የተርባይኑን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ፕላስቲኩና ጨርቁ በውኃ መግቢያው ወንፊት ላይ ተጠምጥሞ መንገድ ይዘጋል፤ ከበሰበሰ ጕድፍ የሚወጣው ክፉ ሽታ ያለው ጋዝም ብረትን ያዝጋል። እንግዲህ በመካኒሳ ከድልድይ ላይ የተጣለ አንድ ከረጢት ጕድፍ ጠፍቶ አይቀርም፤ ወርዶ ወርዶ የሕዝብን መኪና ያቆማል።

ከዚህም ሌላ በውኃው ላይ የሚበቅል ጠላት አለ፤ ይኸውም እምቦጭ ነው። እምቦጭ የኢትዮጵያ ተክል አይደለም፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በዚህ አገር መታየቱ የታወቀው በ1958 ዓ.ም. ገደማ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነው፤ በአባ ሳሙኤልም ተስፋፋ፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማም በጣና ላይ ታየ። አበባው ለዓይን ያምራል፤ ጠባዩ ግን የወራሪ ጠባይ ነው። ሙቀትና ምግብ ባገኘ ጊዜ በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ሊሆን ይችላል። ምግቡም ከሰው መጸዳጃና ከፋብሪካ አተላ የሚገኘው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። ውኃውን ከላይ እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ የፀሐይን ብርሃን ይከለክላል፤ ሲሞትም በውኃው ውስጥ በስብሶ ዓሣ የሚተነፍሰውን አየር ያጠፋል። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚለው የአገር ተረት ለዚህ አረም የተነገረ ይመስላል፤ ከላይ ቢነቅሉት፥ ከሥር ምግቡ እስካልተቋረጠ ድረስ፥ ተመልሶ እምቦጭ ነውና።

ይህ ሁሉ የመኪናና የግድብ ጕዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ በገንዘብ ይለካ ነበር። ነገር ግን በአቃቂ ዳር ብዙ ሰው ይኖራል። በነፋስ ስልክ ላፍቶና በአቃቂ ቃሊቲ በኩል በወንዙ ዳርቻ የጓሮ አትክልት ተክለው የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ፤ ጎመን፥ ሰላጣ፥ ቆስጣ እያመረቱ ለከተማው ገበያ ያቀርባሉ። የሚያጠጡትም ከዚሁ ወንዝ እየጠለፉ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የሌሎች ምርምር ቤቶች ሊቃውንት የወንዙን ውኃ፥ ዐፈሩንና አትክልቱን መርምረው፥ ክሮሚየም፥ ካድሚየምና እርሳስን የመሰሉ ጎጂ ማዕድኖች አግኝተውበታል። ክሮሚየም ለቆዳ ማልፊያ የሚሠራበት ነው። እነዚህ ማዕድኖች እንደ ሌላው ጕድፍ በስብሰው አይጠፉም፤ በዐፈር ይጠራቀማሉ፤ ከዐፈር ወደ ቅጠል፥ ከቅጠል ወደ ሰው ገላ ይገባሉ። ከተማው ጠዋት ወደ ወንዝ የጣለውን ማታ በገበታው ላይ ያገኘዋል ቢባል ማጋነን አይደለም።

በዚህ ነገር አትክልተኛውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። እርሱ መሬቱ ካለበት ሌላ ውኃ አያገኝም፤ ውኃውንም ያበላሸው እርሱ አይደለም። ልጆቹን ከመንገድ ልመና ያወጣበትን ሥራ ትተህ ሂድ ከማለት በፊት፥ የሚያጠጣበት ውኃ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። እንዲሁም ከግድቡ በታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣው፥ ሚስቱም ልብስ የምታጥበው በዚሁ ውኃ ነው። ከተማው በአባ ሳሙኤል ውኃ መብራት ሲያበራ ገበሬው በጨለማ ኖሮ ነበር፤ ጕድፉ ግን ሳይዘገይ ደርሶታል።

የአቃቂ ነገር በአባ ሳሙኤልም አያበቃም። ወንዙ ከግድቡ ወጥቶ ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። አዋሽ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ በዚያም ኃይል ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ያሉትን ሁለቱን የአዋሽ ማመንጫዎች ያንቀሳቅሳል፤ የወንጂን የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፤ የአፋርንም ምድር ረግጦ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ዐባይ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ አዋሽ ግን ባሕር ሳያይ በምድረ በዳ ይቀራል። ስለዚህ በአዋሽ ላይ የተጣለ መርዝ ባሕር ወሰደው ተብሎ የሚረሳ አይደለም፤ እዚያው በወንዙ ዳር በሚኖሩት ሰዎች መካከል ይቀራል። ደግሞም በአቃቂ ሜዳ ላይ የተቆፈሩት ጥልቅ ጕድጓዶች ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ እንደሚሰጡ ሊታወስ ይገባል። ከላይ የሚፈሰው ውኃ ከታች ካለው ውኃ በዐፈርና በድንጋይ ቢለይም፥ መለያው ለዘለዓለም ይጠብቃል ብሎ መተማመን የብልህ ሰው ሥራ አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ ፋብሪካ ለብዙ ሺህ ቤተ ሰብ እንጀራ ይሰጣል፤ የእጣቢ ማጣሪያ ሥራ ብትሉት ወጪው ከብዶት ይዘጋል፤ ሠራተኛውም ይበተናል ይል ይሆናል። ይህ ቃል በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ የሠራተኛው እንጀራ ከባድ ነገር ነውና። ነገር ግን ማጣሪያ ያልሠራ ፋብሪካ ወጪውን ያስቀረ ቢመስለውም፥ ወጪው አልቀረም፤ ከእርሱ ትከሻ ወርዶ በአትክልተኛው፥ በበሽተኛው፥ በገበሬውና በመብራት ድርጅቱ ትከሻ ላይ ወደቀ እንጂ። የራስን ዕዳ ሌላውን ማስከፈል ንግድ አይባልም። መንግሥት ለፋብሪካው የሚራራ ከሆነ ማጣሪያውን የሚሠራበት ብድርና በቂ ጊዜ ይስጠው፤ ማጣሪያ የሌላቸው ብዙ ትንንሽ ፋብሪካዎችም ወጪውን ተካፍለው አንድ የጋራ ማጣሪያ ያቁሙ። የተሰጠው ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ርኅራኄው ለወንዙ ዳር ሰው ይሁን።

ሌላው ደግሞ፥ ኅዳሴ በተሠራበት ዘመን ለ6.6 ሜጋዋት ይህን ያህል መድከም ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ አቃቂ መጥራት የሚገባው አንዲት አምፖል እንኳ የማያበራ ወንዝ ቢሆንም ነው፤ ሰው በዳርቻው ይኖራልና። ሁለተኛውም፥ ትንሹን ግድብ ከደለልና ከጕድፍ መጠበቅ ያልቻለ አገር ትልቁን እጠብቃለሁ ቢል ማን ያምነዋል? የዐባይም ውኃ ከደጋው እርሻ ዐፈር ተሸክሞ ይወርዳል። አባ ሳሙኤል ለታላላቆቹ ግድቦች ሁሉ ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርቱም በውድ ዋጋ ተገዝቷል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 300 የአካባቢን ብክለት ይከለክላል፤ ከእርሱ ጋር የወጣው አዋጅ ቍጥር 299 ደግሞ ታላላቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው አስቀድሞ በአካባቢ ላይ የሚያመጡት ጕዳት እንዲመረመር ያዝዛል። በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ወንዞችን በሚበክሉት ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ አውጥቷል። በሥራም ረገድ በ2010 ዓ.ም. ገደማ የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ሰፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጓል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ሸገርን የማስዋብ ሥራ ተጀምሯል። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

ነገር ግን የወንዝ ውበት በዳርቻው በተተከለው አበባ ብቻ አይለካም፤ በውኃው ይለካል እንጂ። ዳርቻው ድንጋይ ተነጥፎበት፥ መብራት ተተክሎለት፥ ውኃው ግን እንደ ቀድሞው ጠቁሮ ቢፈስ፥ ያደፈ ሸሚዝ ላይ አዲስ ካባ እንደ መደረብ ይሆናል። ካባው ለበዓል ያምራል፤ ሽታውን ግን አይሸሽገውም። ስለዚህ ከመናፈሻው ጋር ዓይን የማያየው ቱቦ ከመሬት በታች አብሮ ሊዘረጋ፥ የየቤቱም መጸዳጃ ከቱቦው ጋር ሊያያዝ ያስፈልጋል። የቱቦ ሥራ ለምረቃ አያምርም፤ ከተማን የሚያድነው ግን እርሱ ነው።

የውጭ አገርም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 በለንደን ከተማ በበጋው ሙቀት የቴምዝ ወንዝ እጅግ ከመሽተቱ የተነሣ፥ በወንዙ ዳር ባለው ምክር ቤት የተሰበሰቡት ሕግ አውጪዎች መቀመጥ ተሳናቸው። ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩበት የቆዩትን ነገር ያን ጊዜ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሕግ አድርገው አወጡት፤ ባዛልጄት የተባለውም መሐንዲስ ታላቁን የፍሳሽ መሥመር ሠራ። ኋላም ወንዙ እንደገና ቸል ተብሎ በ1957 ሕይወት የሌለበት ወንዝ ነው እስከ መባል ደርሶ ነበር፤ በብርቱ ጥረት ግን ዓሣ ተመልሶበታል። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ የሞተ ወንዝ ሊነሣ መቻሉ ነው። ሁለተኛውም፥ ሽታው ወደ ሹማምንቱ አፍንጫ ሲደርስ ሥራው መፍጠኑ ነው። የአዲስ አበባ ወንዞች ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚወርዱ፥ ሽታው የሚርቀው ከላይ ካለው ነው፤ የሚሰበሰበውም በነፋስ ስልክ፥ በአቃቂና ከዚያ በታች ባለው ድምፁ በማይሰማ ሰው ዘንድ ነው። ስለዚህ ሹማምንቱ በአፍንጫቸው ሳይሆን በኅሊናቸው ሊሰሙት ይገባል።

እንግዲህ ምን መደረግ አለበት? አገሬው ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ ይላል። የአባ ሳሙኤልም ነገር ከሥሩ ሊያዝ ይገባዋል። በመጀመሪያ፥ ፋብሪካዎች የሚለቁት ውኃ በየጊዜው ይመርመር፤ የምርመራውም ውጤት ተሸሽጎ በመዝገብ ቤት አይቀመጥ፤ ለሕዝብ ይገለጥ። ሕዝብ የሚያየው መዝገብ ከመቶ ተቆጣጣሪ ይበልጣል። ሁለተኛም፥ በተራሮቹ ግርጌ እርከን ይሠራ፤ ዐፈር የሚይዝ የአገር ዛፍ ይተከል፤ የተተከለውም እስኪጸድቅ ይጠበቅ። ሦስተኛም፥ የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት የግድቡን ደለል በየዓመቱ ይለካ፤ እምቦጩንም ሳይሰፋ ያስነቅል፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ሌላ አገር መጥቶ እስኪያድስለት አይጠብቅ።

አራተኛው ነገር የወሰን ነገር ነው። ጕድፉ የሚወጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ግድቡና የታችኛው ወንዝ ያሉት ግን በኦሮሚያ ክልል ነው። የሚያቆሽሸውና የሚቆሽሸው በሁለት አስተዳደር ሥር ስለ ሆኑ፥ አንዱ የእኔ አይደለም ሲል ሌላውም የእኔ አይደለም ሊል ይችላል። ውኃ ግን የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ አስተዳደሮች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፥ የወንዙን ነገር ከምንጩ እስከ አዋሽ መገናኛ ድረስ እንደ አንድ ሥራ ሊይዙት ይገባል። ጕዳቱን የሚቀበለው የታችኛው አገር ሰውም በዚያ ጉባኤ ላይ ወንበር ሊኖረው ይገባል።

በመጨረሻም የከተማው ነዋሪ ራሱ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ይህ ሥራ ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ቢተው ሸክም ነው፤ ለሁሉ ቢካፈል ግን ቀላል ነው። የነፋስ ስልክ የቤት እመቤት ጕድፏን ለጠራጊዎች ብታስረክብ፥ ባለ ጋራዡ የተቃጠለውን ዘይት በበርሜል ቢያጠራቅም፥ አስተማሪውም ተማሪዎቹን ወደ ወንዙ ይዞ ወርዶ ይህ ውኃ ወዴት ይሄዳል ብሎ ቢጠይቃቸው፥ ከብዙ ንግግር የበለጠ ሥራ ይሠራል።

አባ ሳሙኤል ትንሽ ግድብ ነው፤ ነገር ግን እንደ መስተዋት ሆኖ የትልቁን ከተማ መልክ ያሳያል። መስተዋቱ ጕድፍ ቢያሳይ መስተዋቱን መስበርም መሸፈንም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ፊትን መታጠብ ነው። ከግድቡ የሚነሣው ሽቦ ብርሃንን ወደ ከተማው ይወስዳል፤ ከከተማው የሚወርደው ወንዝ ደግሞ መልሱን ወደ ግድቡ ያመጣል። ብርሃን ለሰጠ ወንዝ ጕድፍ መመለስ ውለታን አለማወቅ ነው። የመኪናው ምረቃ አልፏል፤ አሁን ያለው ቀን ሁለተኛው፥ ማለት የጥበቃው ቀን ነው፤ ሊሠራበትም ይገባል።